«ትቆይ» ያልኩህ እኔ ነኝ

ለወንድም ጋሼ፣ አባትም ወንድምም ለሆንከኝ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ሐኪሙ ከመኪና ሥር ተኝተህ መሥራቱን ተው ብሎሃል አሉ። አንተ ደግሞ «እሺ» ብለህ ወጥተህ በማግስቱ እዚያው እንደምትገባ አውቃለሁና ብጠይቅህም እውነቱን አትነግረኝም። እማዬስ እንዴት ናት? ሞራው ከተገፈፈላት ወዲህ ዓይኗ በረታላት? የባለቤትህ የደም ግፊት፣ የትንሹ ልጅህ ሳል፣ የጋራዡ ጣሪያ፣ ሁሉንም እያሰብኩ ነው የምውለው። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም አንዳንዴ ይወስደኛል። ልጅህ ድንቡሼ ከእኔው ጋር ናት። ይህን ስጽፍ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መንገድ የሚጠርጉትን ሰዎች ታያለች። ስለ እሷ ግን ዛሬ «ደህና ናት» ብዬ እንደ ወትሮው አላልፍም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የእኔ ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡን ሰብስበህ ጮክ ብለህ እንደምታነብ አውቃለሁ። ይህንን ግን እንደዚያ አታድርገው። ጋራዡ ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ብቻህን አንብበው። ከዚያ በኋላ ለማን ምን እንደምትነግር አንተ ታውቃለህ።

ባለፈው ሳምንት የላክልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ልጄን አፈር በልቷት ነበር፤ እጅሽን በሩቁ ስሜያለሁ» ብለሃል። እማዬ በየደጁ እየዞረች «ልጄ ጦርነቱን ቀድማ አውቃ የልጅ ልጄን ከእሳት አወጣችልኝ» እያለች እንደምታወራ ጽፈህልኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሁሉ ምስጋና አንዱም ለእኔ የሚገባ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። ድንቡሼን ከእሳት ያወጣኋት እኔ አይደለሁም። እሳቱ ውስጥ እንድትቆይ ያደረግኋት ግን እኔ ነኝ። በስልክ ልነግርህ አራት ጊዜ ጀምሬ ድምፅህን ስሰማ አለሳለስኩት፤ ነገር ማለሳለስ ሙያዬ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብህ።

ከሥሩ ልጀምርልህ። ሥራዬን በወጉ አስረድቼህ አላውቅም፤ ይህም ጥፋቴ ነው። የስም ካርዴን የላክሁላችሁ ጊዜ እማዬ «የዩሬዥያ ጉዳዮች ከፍተኛ ተንታኝ» የሚለውን አስነብባ «ዩሬዥያ ደግሞ የማን ልጅ ናት? ጉዳይዋስ ይህን ያህል ምን አበዛው?» አለች ብለህ ጽፈህልኝ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ታዝቦኛል። አውሮፓና እስያ የሚገጣጠሙበት ሰፊ ምድር ነው፤ እዚያ ያሉት መንግሥታት ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ማንን ሊወጋ እንዳሰበ እየተከታተልኩ ለሚኒስትሮች እጽፋለሁ ብዬ መለስኩላችሁ። እማዬ ይህን ሁሉ ለጎረቤት «ልጄ ጋዜጣ አንብባ ትኖራለች» ብላ አሳጠረችው። ጎረቤትዋም «ማንበብማ የእኔም ልጅ ያነባል፣ የሚከፍለው አጣ እንጂ» አለቻት አሉ። እማዬ አልተሳሳተችም። ሥራዬ እውነትም ጋዜጣ ማንበብ ነበር።

የነፃ ትምህርቱን ዕድል አግኝቼ ወደዚያ ብርዳም አገር የሄድኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋው ሳይገባኝ በለቅሶ ጨረስኩት። በሁለተኛው ዓመት ቀልዳቸው ገባኝ። በአራተኛው ደግሞ ሲዋሹ መለየት ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ አስተማሪዬ «አንቺ ለዚህ ሥራ ትሆኛለሽ» አለኝ። ከዚያ እዚህ ከተማ ያለው የጥናት ተቋም ቀጠረኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ የሚያይ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት እግሯ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀመጥኩ። ትልልቆቹ ጋዜጦች መንግሥታቸው የሚፈልገውን ይናገራሉ። የእኔ ሥራ ያለው ትንንሾቹ ዘንድ ነው። የአውራጃ ጋዜጦች፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የሙት ዓመት፣ የጠፋ ላም። ትንንሽ ጋዜጦች ምሥጢር መሆኑን ሳያውቁ ምሥጢር ያፈሳሉ።

ባለፈው ኅዳር የሆነው እንዲህ ነው። እኔ በተማርኩበት በትልቁ አገር፣ ድንበሩ አጠገብ አንዲት የጦር ሰፈር ያለባት ከተማ አለች፤ ሳምንታዊ ጋዜጣዋ በመጨረሻው ገጽ የጋብቻ ማስታወቂያ ታወጣለች። በዚያ ብርድ ወራት በሳምንት አምስት ስድስት ጥንዶች ቢወጡ ነው። በአንድ ሳምንት አርባ አንድ ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ሃምሳ ሦስት። ወንዶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወታደሮች ናቸው። የተቻኮለ ሠርግ ምን ማለት እንደሆነ አገር ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወይ ልጅ እየመጣ ነው፣ ወይ ባል ሊሄድ ነው። አርባ ሙሽራ ደግሞ በአንድ ሳምንት አታረግዝም። ሰንበት ብሎም ወደ ድንበሩ የሚሄደው የመንገደኞች ባቡር «ለጥገና» ተብሎ ተቋረጠ። የባቡር ድርጅቱን የጨረታ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ለጥገና የተገዛ አንድ ብሎን የለም። ሐዲዱን ለሌላ ጭነት ፈልገውታል ማለት ነው።

ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ጦርነቱ በወር ጊዜ ውስጥ ሳይጀመር እንደማይቀር፣ መጀመሪያ የምትመታውም ከድንበሩ ማዶ ያለችው የወንዙ ከተማ እንደሆነች ጻፍኩ። የወንዙን ከተማ አንተም በስም ታውቃታለህ። ልጅህ የውሃ ምህንድስና የምትማርባት፣ የትምህርቱንም ቦታ እኔ ያፈላለግሁላት ከተማ ናት። ያን ቀን ግን፣ ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ከተማዋን ስጽፍ ድንቡሼን አላሰብኩም። ካርታ ላይ ያለች ነጥብ ነበረች።

ኃላፊያችንን በመሥሪያ ቤቱ «ሚዛን» እንላቸዋለን። ሰው የጻፈውን ሁሉ «በዚህም በኩል ሲታይ፣ በዚያም በኩል ሲታይ» እያሰኙ ክብደት እስኪያጣ ድረስ የሚያመዛዝኑ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስታመም ቤቴ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዘጠኙን ገጽ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ሠርግ ማስረጃ አይደለም» አሉኝ። «አርባ አንድ ሠርግ እኮ ነው» ብላቸው «አራት መቶም ይሁን። ሚኒስትሮች ፊት ቀርበሽ ሙሽሮች ቆጥሬ መጣሁ ልትያቸው ነው?» አሉ። ከዚያ ያንን የድሮውን ጉዳይ አነሱ። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ ጦርነት ይመጣል ብዬ ጽፌ ሳይመጣ ቀርቶ ነበር። ጋዜጦች ሳቁብኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼም «መርዶ ነጋሪዋ» የሚል ስም አወጡልኝ። ያ ስም ምን ያህል እንዳሳፈረኝ ለአንተ ነግሬህ አላውቅም። ሚዛን ግን ያውቁ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የምክትል ኃላፊነቱ ቦታ በሚቀጥለው ወር እንደሚወሰን፣ ስሜም ከላይ እንዳለ፣ ቦርዱ ግን የረጋ ሰው እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ሊያስፈራሩኝ አይደለም እንዲህ ያሉኝ። እንደ ወዳጅ ነው።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ «ሳይጀመር አይቀርም» የሚለውን ሰረዝኩና «የመጀመሩ ዕድል አነስተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሠርጉን አንቀጽ አወጣሁት። የባቡሩን ነገር ወደ ግርጌ ማስታወሻ አወረድኩት። ሰዎች ከምሳ ሳይመለሱ ፈርሜ አስረከብኩ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም፣ ወንድም ጋሼ። ከዚያም ብነግርህ ትታዘበኛለህ እንጂ፣ ቀለል አለኝ። በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ደግሜ ሳነበው እውነት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን አመንኩት።

አንተ የደወልክልኝ በስድስተኛው ቀን ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። ያልከውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እህቴ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ጦርነት ሊነሳ ነው ይላል። እኔ መኪና እንጂ ፖለቲካ አላውቅም። ልጅቷን ላምጣት ወይስ ትቆይ? አንቺ ያልሽውን ነው የማደርገው» አልከኝ። እኔም «ትቆይ፤ ፈተናዋን ትጨርስ። ወሬ ነው» አልኩህ። «እርግጠኛ ነሽ?» ብለህ ደገምከኝ። «ሥራዬ አይደል እንዴ» አልኩህ። ሳቅሁም። ሳቄን ሰምተህ አንተም ሳቅህ፤ ልብህ አረፈ። ለድንቡሼ ደውለህ «አክስትሽ ትቆይ ብላለች» አልካት። ልጅቷ ሻንጣዋን ጠቅልላ ተዘጋጅታ ነበር። ይህን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። አንተ ስትነግራት ልብሷን አውጥታ መልሳ ሰቀለችው።

አንተ ሞተር ላይ ጆሮህን አስጠግተህ በሽታውን ትናገራለህ። ፍሬኑ የማያስተማምን መኪና ሲመጣ፣ ባለቤቱ ቢቸኩልም ቢቆጣም፣ ቁልፉን ኪስህ ከትተህ «አይወጣም» ስትል በልጅነቴ አይቻለሁ። አንድ ጊዜማ አንድ ሹም ሰድቦህ ሄዶ በማግስቱ ተመልሶ ሲለምንህ ነበር። ባለመኪናው ደስ እንዲለው ብለህ «ንዳው» ያልክበት ቀን የለም። እኔ ግን ሞተሩን ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ነው «ንዱት» ያልኩት።

ጦርነቱ የጀመረው ከደወልክልኝ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ስልኩ ጮኸ። ድንቡሼ ናት። «አክስቴ፣ ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ያን ምድር አጥንቼ ያገኘሁላት መልስ አንድ ነው። «ወደ ምድር ቤት ውረጂ» አልኳት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ሃያ ሁለት ቀን ድምፅዋን አልሰማሁም።

በእነዚያ ቀናት ያልደወልኩለት ሰው የለም። በጉባኤ ላይ አብረውኝ የተቀመጡ፣ ካርድ የተለዋወጥናቸው፣ «በማንኛውም ጊዜ ደውዪ» ያሉኝ ሁሉ። ግማሾቹ አላነሱም፣ ግማሾቹ «እናያለን» አሉ። በዚያው ሳምንት ደግሞ መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ሠርጉ ያለበትን፣ ከኮምፒውተር አውጥቶ «አስቀድመን አስጠንቅቀን ነበር» በሚል አሳተመው። አንድ የሬዲዮ ጣቢያም «ጦርነቱን ከሠርግ ማስታወቂያ ያነበበችው ባለሙያ» ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ተናገርኩ። የፈረምኩበት ወረቀት ሌላ እንደሆነ አልተናገርኩም። ትንሹ ልጅህ በስልኩ ያስደመጣችሁ፣ እማዬ ያለቀሰችበት፣ ይህ ነው። ስናገር ልጅህ በሕይወት መኖሯን አላውቅም ነበር፤ ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም። የምክትልነቱም ሹመት በዚያው ሳምንት ጸደቀ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ልጽፍ ነው። ተቀምጠህ አንብበው።

ድንቡሼ የደረሰባትን የነገረችኝ በትንሽ በትንሹ ነው። በማደሪያው ምድር ቤት አርባ ያህል ተማሪዎች ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ቧንቧው ደረቀ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወንዙ ዳር ካለው የእጅ ፓምፕ ይቀዱ ጀመር። በአሥራ አራተኛው ቀን ተራው የእሷና አንድ ክፍል አብራት ትኖር የነበረችው ልጅ ነበር። ሰልፉ ላይ ቆመው ሳለ የመድፍ ጥይት ወደቀ። ጓደኛዋ እዚያው ቀረች። ድንቡሼ ግራ እጇን ተመታች። «በሌላው እጄ የያዝኩትን ጀሪካን አልለቀቅኩትም ነበር» አለችኝ። ይህን ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

ያዳኗት የማደሪያው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው ትላለች፤ ድሮ በጭቃ ጫማ ኮሪደሩን ስትረግጥባቸው የሚያንባርቁባት። ክንዷን በመጋረጃ ገመድ አስረው ደሙን አቆሙላት። መድኃኒት የለም፣ ሐኪም የለም፤ በተፈላ የጨው ውሃ እያጠቡ ስምንት ቀን አቆዩአት። የእህታቸው ልጅ የዳቦ መኪና ሾፌር ነበርና ከባዶ የዳቦ ሣጥኖች ኋላ አስተኝተው፣ እሳቸውም አብረው ተቀምጠው፣ ድንበር አደረሷት። ከዚያ ተመልሰው ሄዱ። ሌሎቹ ልጆች ምድር ቤት አሉ ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው የሰማነው የለም። እማዬ ስትጸልይ የምታነሳው ሰው ከፈለገች እሳቸውን ታንሳ። እኔ ያደረግሁት ሾፌሩ የላከው መልእክት ደርሶኝ ድንበር ጣቢያው ላይ ሁለት ቀን ቆሜ መጠበቅ ብቻ ነው።

ስታየኝ አላለቀሰችም። «አክስቴ፣ ራበኝ» አለች። የተጠቀለለውን ክንድ ገና ሳላየው ሽታው ነገረኝ። እዚህ አምጥቼ ሆስፒታል ባስገባኋት በማግስቱ ሐኪሞቹ ግራ እጇን ከአንጓዋ በላይ ቆረጡት። በስልክ «እጇን ትንሽ ተጎድታለች» ያልንህ ይህን ነው። የምትልክላችሁ ፎቶ ሁሉ ከደረት በላይ የሆነውም ለዚህ ነው። በግራ ጆሮዋም አትሰማም። ያንን እንዳልነግርህ የለመነችኝ እሷ ናት፤ የተስማማሁት ግን እኔ ነኝ። መስማማት አይከብደኝም።

ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ሁሉን ነገርኳት። ዘጠኙን ገጽ፣ የሰረዝኩትን፣ የፈረምኩትን፣ አንተ ስትደውል ያልኩህን። ሁለቱንም ወረቀት ፊትዋ አስቀመጥኩላት፤ ጎን ለጎን አድርጋ አነበበቻቸው። «የእኛን ከተማ ስም ጽፈሽው ነበር?» አለች። «አዎ» አልኳት። ተነስታ ክፍሏ ገባች። አራት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ከበሩ ሥር ሳስቀምጥላት ሳልኖር ወጥታ ትበላለች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ነበራት፤ ካፖርቷን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። ቁልፎቹን ቆለፍኩላት። አንገቷ ሥር ያለውን የመጨረሻውን ቁልፍ ስይዝ «ይቅር ብዬሽ አይደለም፤ ቁልፉ አስቸግሮኝ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። አብረን ወጣን። ከዚያ ወዲህ እናወራለን። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ።

የሹመቱን ደብዳቤ መለስኩ። ሁለቱን ወረቀቶች አያይዤ የትኛውን እንደፈረምኩ፣ ለምን እንደፈረምኩ ጽፌ ለቦርዱ አስገባሁ። ሚዛን አስጠርተው «አንቺ እኮ ከሁላችንም ያነሰ የተሳሳትሽ ነሽ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። «ተሳስቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አልኳቸው። «እኔም ልጅ አለኝ» አሉ። ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ያ ረቂቅ አሁንም በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለእንግዳ ይታያል፤ ስሜ ከሥሩ አለ። ሥራውን ለቅቄያለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ለመሰናበት ስሄድ ትንንሾቹን ጋዜጦች ማንበብ ትተው እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጊዜ አይበቃም፣ ትልልቆቹን ብቻ ነው» አለችኝ።

አሁን በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ከጦርነቱ ለሚሸሹት ሰዎች አስተርጓሚ ሆኛለሁ። ሰው ያለውን እንዳለ ማድረስ ነው፤ መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። ትናንት አንዲት እናት ልጇ በእግሩ ይሄድ እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቀች። ሐኪሙ «አይሄድም» አለ። ሴትዮዋ አፌን አፌን እያየች ትጠብቃለች። ሌላ ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። «አይሄድም» አልኳት። ክንዴን ይዛ አለቀሰች፤ እስክትጨርስ ቆምኩ።

ድንቡሼ አገሯ ልትገባ ወስናለች። መጋቢት ሃያ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች። ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ የላክሁት ከእሷ ቀድሞ እንዲደርስህ ነው፤ በሩ ላይ ድንገት እንዳታዩት ብዬ። ስታናግራት በቀኟ በኩል ቁም። የቀረውን ክንዷን እንድትደብቅ አታድርጓት፤ እንድታሳይም አትጠይቋት። ሐኪሙ ቁስሉ ጠግጓል ብሏል፤ ሌሊት ግን የሌለው እጇ ያማታል፤ ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ እብደት አይደለም። ውሃ በጀሪካን ሲቀዳ እንዳታይ ጥቂት ጊዜ ተጠንቀቁላት። ትምህርቷን መጨረስ ትፈልጋለች፤ የተማረችበት ትምህርት ቤት መዝገብ ስለጠፋ እናንተ ዘንድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ዓመት እንድትጀምር ጠይቋታል። ትጀምር። ከዚህ በኋላ ለእሷ ማንም አይወስንላት፣ እኔም አንተም።

እኔም ከእሷ ጋር ልመጣ አስቤ ነበር። ግን አንተ ይህን ሳታውቅ ቤትህ ገብቼ፣ ማዕድህ ላይ ተቀምጬ፣ እማዬ ስትመርቀኝ አንገቴን ደፍቼ ልሰማ አልችልም። ና ብትለኝ እመጣለሁ። ካላልክም መጻፍ አያስፈልግህም፤ ዝም በል፣ ይገባኛል። ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ፈልገህ እንዳጣኸው አውቃለሁ። ሳልፈልገው ቀርቼ አይደለም። ብጠይቅህ «ምንም አይደል፣ የደረሰ ደርሷል» ትለኛለህ፤ እኔን ያሳደግኸኝ እንደዚያ ነው። ስለዚህ አልጠይቅህም። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ። ምንም አይደል ብቻ እንዳትለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ድንቡሼን ከማቀፏ በፊት የእጇን ነገር አንተው አስቀድመህ ንገራት፤ ስለ እኔ ግን መቼና እንዴት እንደምትነግራት ለአንተ ትቼዋለሁ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እሷ ወልዳታለች፤ ስሜን መስማት ባትፈልግ አልቀየማትም። ለድንቡሼ ቁልፍ የሌለው፣ በአንገት የሚጠለቅ ልብስ ታዘጋጅላት። ትንሹን ልጅህን ሳምልኝ፤ ያንን የሬዲዮ ድምፄን ከስልኩ ያጥፋው። ጋራዥ ላሉት ሠራተኞችህ፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለአንተ ደግሞ እግዜር ወገብህን ያጽናልህ፣ ልብህንም እንዲሁ።

ድንቡሼ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። አንድ ቃል አላስወጣችኝም። ከሥሩ የራሷን ልጽፍ ብላ ወረቀቱን ወስዳብኛለች። ግራኝ እንደነበረች አንተ ታውቃለህ። ፊደሉ የእሷ ባይመስልህ አይግረምህ፤ በቀኟ መጻፍ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው።

ያሳደግሃት እህትህ።

አባባ፣ አክስቴ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። ማክሰኞ መጥተህ ተቀበለኝ፤ እንዳትቀርብኝ።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ
መጋቢት ፲፯ ቀን